የአሰልጣኙ ሰባት ከተሞች

ሐሙስ ከሰዓት ከሥራ ስመለስ አባቴን የምግብ ጠረጴዛው ላይ አንድ ወረቀት ዘርግቶ፣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ፣ ስልኩን ስፒከር ላይ አድርጎ አገኘሁት። ከምሠራበት ሆስፒታል አላሜዳ ቤታችን እስክደርስ ትራፊኩ ነፍሴን አውጥቶታል፤ ቢሆንም ጫማዬን ሳላወልቅ ወደ ወረቀቱ ተጠጋሁ። ሰባት ከተሞች በእርሳስ ተጽፈዋል፤ ሳን ሆዜ፣ ፍሬስኖ፣ ሬኖ፣ ቦይዚ፣ ዊቺታ፣ ኤል ፓሶ፣ ኦክላንድ። ከቦይዚ በስተቀር ሁሉም አጠገብ የሆነ ነገር ተሞነጫጭሯል።

«ይሄ ደግሞ ምንድን ነው፣ አባዬ?»

«የሰውዬሽ ኑሮ ነዋ!» አለ ቀና ሳይል።

ወዲያው ገባኝ። ቅዳሜ ሽማግሌዎች ይመጣሉ። ሽማግሌ ከመምጣቱ በፊት ደግሞ የልጁ ዘር ማንዘር ይጣራል። የፍቅረኛዬ የህዝቅያስ ወላጆች ኦክላንድ ውስጥ ሠላሳ ስምንት ዓመት የኖሩ፣ በቸርችም በሠፈርም የታወቁ ሰዎች ስለሆኑ የዘሩ ጉዳይ በአንድ ስልክ አለቀ። አባቴን የከነከነው ሌላ ነው። ሰውዬው በአሥራ ሦስት ዓመት ውስጥ ሰባት ከተማ ኖሯል።

አባቴ ዓለሙ ከኦክላንድ ወደብ ኮንቴነር ሲጎትት ሃያ ዓመት ሆኖታል፤ ያውም ለአንድ ካምፓኒ። በየስቴቱ የማያውቀው የሐበሻ ሹፌር የለም። ታዲያ የሹፌሮቹን ሠራዊት አሰማርቶ፣ ከተማ በከተማ፣ «እናንተ ዘንድ የአሜሪካን ፉትቦል የሚያሠለጥን አንድ አበሻ ነበር ወይ? ጠባዩ እንዴት ነበር? ለምን ሄደ?» እያለ ሲያስጠይቅ ሰንብቷል።

«አራት ቦታ ፋየር አድርገው አባረውታል» አለኝ፣ አሁን ቀና ብሎ። «አራት ቦታ፣ ሶሊ! አንድ ጊዜ ቢሆን አለቃው ክፉ ነው እላለሁ። ሁለት ጊዜም ልለፈው።»

«ቦይዚስ?»

«የቦይዚው ሹፌር ስልክ አላነሳም። ነገ እደውላለሁ።»

እኔ ሲፈጥረኝ ጠያቂ ነኝ። ሆስፒታል የምሠራው የመተንፈሻ ሕክምና ነው፤ የሰውን ሳንባ ከማዳመጤ በፊት ስለ ኑሮው ጠይቄ ካልጨረስኩ እጄ አይታዘዘኝም። ህዝቅያስንም ያገኘሁት በጥያቄ ነው። የዛሬ ሁለት ዓመት፣ የሰደድ እሳቱ ጭስ ሰማዩን ያጠቆረ ሰሞን፣ ሀምዛ የሚባል የሪችመንድ ልጅ ልምምድ ላይ ትንፋሽ አጥሮት ወደ እኛ መጣ። አንድ ትከሻው ሰፊ ሰው አልጋው አጠገብ የፕላስቲክ ወንበር ላይ ሁለት ቀን ሙሉ ተቀመጠ።

«አባቱ ነህ?» አልኩት።

«ኖ፣ ኮቹ ነኝ።»

«ታዲያ ቤትህ አትሄድም?»

«እናቱ እስክትመጣ» አለኝ። በአማርኛ መለሰልኝ፤ እኔ የጠየቅኩት በእንግሊዝኛ ነበር። ስሜን ደረቴ ላይ አንብቦ ኖሯል።

ሲሄድ አንድ የታጠፈ ወረቀት ሰጠኝ። ጀርባው በክብና በመስቀል ምልክት የተሞላ የጨዋታ ሥዕል ነው። ፊቱ ላይ አንደኛ ክፍል ልጅ በሚጽፈው ዓይነት ፊደል፣ «ጥያቄሽን ወደድኩት። ሌላ ካለሽ ስልኬ ይሄ ነው» ይላል። አሰልጣኞች ለሚመለምሉት ልጅ ዛሬም በእጃቸው ደብዳቤ እንደሚጽፉ ኋላ ነው ያወቅኩት። ከዚያ ወዲህ ሠላሳ አንድ ደብዳቤ ጽፎልኛል።

ሠላሳ አንድ ደብዳቤ አንብቤ ስለ ሰባቱ ከተሞች ግን ከአባቴ ያነሰ አውቃለሁ። ወረቀቱን ሳየው በአባቴ ቀናሁ።

*

አርብ ከሰዓት ህዝቅያስ ልምምድ ወደሚያሠራበት ሜዳ ሄድኩ። እሱ ኦክላንድ ውስጥ ባለ የሁለት ዓመት ኮሌጅ የመከላከል ክፍሉን የሚመራ አሰልጣኝ ነው። ልጆቹ እየተላፉ ሲወጡ እሱ ብርቱካንማ ኮኖቹን ከሣሩ ላይ ይሰበስባል። ሲያየኝ ፊቱ ፈካ፤ እኔም ሞኟ እርምጃዬን አፈጠንኩ። ሁለት ዓመት ሙሉ ለምደዋለሁ ስል አለመልመዴ ራሴን ይገርመኛል።

«ኒውስ አለኝ» አለ፣ ኮኖቹን አቅፎ። «ሞንታና የሥራ ኦፈር ሰጡኝ። ሄድ ኮች።»

«ዋናው አሰልጣኝ? አንተ?»

«እኔ! ስሞል ኮሌጅ ነው፣ ግን ሄድ ኮች ነው፣ ሶል። እስከ ሰኞ መልስ ይፈልጋሉ።»

እልል ማለት ነበረብኝ። እኔ ግን አግዳሚ ወንበሩ ላይ ቁጭ ብዬ፣ «እስኪ ከመጀመሪያው ንገረኝ» አልኩት። «ከሳን ሆዜ ጀምር።»

ሳቀ። «ኢንተርቪው ነው?»

«ነው።»

ነገረኝ። ሳን ሆዜ ተማሪ ሆኖ መስኮት በሌለው ክፍል ውስጥ የጨዋታ ቪዲዮ እየቆረጠ ነው የጀመረው። ከዚያ ፍሬስኖ ረዳት ሆነ፤ ኳስ ተሸክሞ፣ ልጆቹን ከእንቅልፍ ቀስቅሶ፣ ክፍል መግባታቸውን ቆጥሮ። በሁለተኛው ዓመት ቡድኑ ተሸነፈና ዋናውን አሰልጣኝ አሰናበቱት። «እሱን ካባረሩት እኛንም ጠርገው ያስወጡናል። አዲሱ የራሱን ሰዎች ይዞ ይመጣል» አለ። ሬኖም እንዲሁ። ዊቺታም። ኤል ፓሶ ላይ ደግሞ ዜናውን የሰማው ከሬዲዮ ነው፤ አንድ ተመልማይ ልጅ ቤት ለመሄድ መኪና እየነዳ።

«የልጁ ቤት ምን ትሠራለህ?»

«እናቱን እጠይቃለሁ። ሳሎኗ ተቀምጬ፣ ‹ልጅሽን ስጪኝ፣ እንደ ልጄ እይዘዋለሁ› እላለሁ። ሦስት መቶ ቤት ሳልገባ አልቀርም።»

ሳቄ አመለጠኝ። «አንተ ራስህ ሽማግሌ ነሃ!»

«ኤግዛክትሊ! ነገ ግን እኔ እንድመጣ አይፈቀድልኝም።»

ደስ አለኝ። ሰው በአራት መባረር ውስጥ አልፎ እንዲህ መሳቅ ከቻለ ምን ቀረው? አባቴም ይሄን ቢሰማ ወረቀቱን አጥፎ ያስቀምጠዋል ብዬ አሰብኩ። ከዚያ ልማዴ ሆኖ የተዘለለችውን ከተማ ጠየቅኩት።

«ቦይዚስ?»

ዓይኑን ከዓይኔ ላይ አነሳ። አቅፎት ከነበረው ኮን አንዱ ወደቀ፤ ጎንበስ ብሎ ሲያነሳው ከሚገባው በላይ ቆየ።

«ቦይዚ አጭር ነበር» አለ። «እንሂድ፣ በርዶሻል።»

አልበረደኝም ነበር። እስከ መኪናዬ ክንዴን ይዞ ሸኘኝ፤ እኔም እንደ ወትሮው ትከሻው ላይ ተደገፍኩ። ውስጤ ግን ከእሱ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ቀርቶ ነበር፤ ያንን እርምጃ ጠላሁት።

*

ቅዳሜ እኩለ ቀን ላይ ሽማግሌዎቹ መጡ። ሦስት መሆን ነበረባቸው፤ ሦስተኛው ክብሮም ሺፍት የሚለውጠው ሰው ስላጣ ሁለት ሆነው ደረሱ። አንዱ የህዝቅያስ ቸርች ፓስተር፣ ፓስተር ንጉሤ ነው። ሌላው ጋሽ ደምመላሽ፣ ኤርፖርት ሻትል የሚነዳ፣ ከፊቱ ሳቅ የማይለየው የቤተሰቡ ወዳጅ። የጋሽ ደምመላሽ መኪና ጋራዥ በመግባቷ ያመጣቸው ራሱ ሙሽራው መሆኑን ከወጥ ቤት መስኮት አየሁ። ሁለት ቤት አልፎ ቆሟል። ሱፍ ለብሶ፣ ሁለት እጁን መሪው ላይ አድርጎ፣ ሞተሩን አጥፍቶ ተቀምጧል። በልማዳችን ሙሽራው በዚያ ሰዓት በአካባቢው ዝር ማለት የለበትም። አንጀቴን በላው፤ በእሱ ላይ የያዝኩት ቂም ግን አልለቀቀኝም።

እኔም በልማዱ ወጥ ቤት ተደብቄ ጆሮዬን ማቆም ነበረብኝ፤ አቆምኩ።

«ተቀመጡ እንጂ» ይላል አባቴ።

«ጉዳያችንን ሳንናገር አንቀመጥም» አለ ፓስተር ንጉሤ። «ጋሽ ዓለሙ፣ ልጅዎን ሶልያናን ለልጃችን ለህዝቅያስ እንዲሰጡን ለመለመን ነው የመጣነው።»

በመጀመሪያ ቀን እሺ የሚል ቤተሰብ የለም፤ ልጅቷ የተዋረደች ይመስላል። የሚሰጠው ቀጠሮ ነው። አንዳንዱ ሁለት ሳምንት፣ ኮራ ያለው ሁለት ወር ያስጠብቃል። ሁላችንም የጠበቅነው ይህንኑ ነበር። አባቴ ግን አስቀመጣቸውና ወረቀቱን አወጣ። ሲዘረጋው የወረቀቱ ድምፅ ወጥ ቤት ድረስ ተሰማኝ።

«አራት ጊዜ ተባሯል» አለ።

ጋሽ ደምመላሽ ተዘጋጅቶ ነው የመጣው። «ይሄውልዎት ጋሽ ዓለሙ፣ የዚህ ሥራ ጠባዩ እንደዚያ ነው። ዋናው ሲሄድ ረዳቶቹ አብረው ይሄዳሉ። የልጁ ጥፋት አይደለም። ህዝቅያስ በገዛ ፈቃዱ ጥሎ የሄደበት አንድ ቦታ የለም!»

«ቦይዚስ?» አለ አባቴ።

የያዝኩትን የጁስ ብርጭቆ ቀስ ብዬ አስቀመጥኩት።

«ወይዘሮ የሺሃረግ የሚባሉ ሴት ቦይዚ አሉ፤ እዚያ ያለው ሹፌር አገናኘኝ» ቀጠለ አባቴ። «ትናንት አንድ ሰዓት ሙሉ አወሩኝ። ሰርፀ የሚባል ልጅ አላቸው። ህዝቅያስ ሳሎናቸው ተቀምጦ፣ ምግባቸውን በልቶ፣ ‹አራት ዓመት አብሬው ነኝ፣ አይዞሽ› ብሎ ልጁን ኮሌጁ አስገባው። በስምንተኛው ወር ዊቺታ የተሻለ ቦታ ሰጡት። ሄደ። ማንም አላባረረውም። ልጁ ነገሩን በቴክስት ነው የሰማው። ኳሱንም ትምህርቱንም ጥሎ ዛሬ መጋዘን ውስጥ ዕቃ ይጭናል።»

ክው አልኩ። የሆስፒታሉ የፕላስቲክ ወንበር ላይ ሁለት ቀን የተቀመጠው ሰውና ይሄኛው አንድ ሰው መሆናቸውን ልቤ አልቀበል አለ። አርብ ጠይቄው ነበር እኮ። ዓይኑን እያየሁ ጠይቄው ነበር።

«እኛ ይሄን አልሰማንም» አለ ፓስተር ንጉሤ በተሰበረ ድምፅ።

«ህዝቅያስ የት ነው አሁን?» አለ አባቴ።

ጋሽ ደምመላሽ ጉሮሮውን ጠራረገ። «እ... ቅርብ ነው።»

«ምን ያህል ቅርብ?»

«ሁለት ቤት አልፎ።»

ሌላ ቀን ቢሆን በሳቅ እሞት ነበር። ዛሬ ግን አባቴ «ጥራው» ሲል በሁለት እጄ አፌን ያዝኩ።

*

ህዝቅያስ ገብቶ በሩ አጠገብ ቆመ። ወጥ ቤቱ በር ላይ ሆኜ አየሁት፤ አየኝ። ሁሉንም እንደሰማሁ ከፊቴ አነበበ፤ ዓይኑን ሰበረ።

«የቦይዚው ነገር እውነት ነው?» አለው አባቴ።

«እውነት ነው፣ ጋሼ።»

«ለምን?»

«ፈራሁ» አለ። አማርኛው እየተሰባበረ፣ ቃል እየፈለገ ነው የሚናገረው። «እዚያ ትንሽ ቦታ ነበረኝ። ዊቺታ ኮኦርዲኔተር አርገን እንወስድሃለን አሉኝ። የመከላከሉ ሁሉ ኃላፊ ማለት ነው። ሁለት ቀን ሰጡኝ። በዚህ ሥራ ኖ ካልክ ሁለተኛ አይጠሩህም ይላሉ። እኔ ደግሞ ሁለት ጊዜ ተባርሬ ነበር። ሰርፀን ፊት ለፊት ማየት አቃተኝ፤ ኤርፖርት ሆኜ ቴክስት አደረግኩለት። ለእናቱ ደብዳቤ ጻፍኩ። አልመለሱልኝም። ልክ ናቸው።»

«ለእኔስ?» አልኩት። ማንም ሳይጠራኝ ሳሎኑ መሃል ደርሻለሁ። «አርብ ስጠይቅህ ለምን ደበቅከኝ?»

«አፈርኩ፣ ሶል። አንቺ እኔን ሆስፒታል ውስጥ ባየሽኝ ዓይን እንድታዪኝ ስለምፈልግ።»

ሽማግሌዎቹ ወለሉን ያያሉ። አባቴ ከወንበሩ ተነስቶ ቆመ፤ በክላች የደከመ ጉልበቱን በእጁ ደግፎ።

«ያለፈው አለፈ» አለ። «አሁን ሞንታና ሥራ አግኝተሃል ይሉኛል። እንግዲህ ለእኔ ቃል ግባልኝ። ልጄን ይዘህ ሄደህ እዚያው ትኖራለህ። ከከተማ ከተማ አታንከራትታትም። ይሄን በል፤ ሌላውን እተወዋለሁ።»

ጋሽ ደምመላሽ እፎይ ብሎ ፈገግ አለ። ቀላል ነገር ነው፤ እሺ ማለት ብቻ። ፓስተሩም በዓይኑ ‹በል እንጂ› ይለዋል።

«አልችልም፣ ጋሼ» አለ ህዝቅያስ።

«ምን አልክ?»

«ዋሽቼ ቃል አልገባም። ሁለት ሲዝን ከተሸነፍኩ ያባርሩኛል። ሄድ ኮች ስሆን ደግሞ ቀድሜ የምባረረው እኔ ነኝ። ከወይዘሮ የሺሃረግ በኋላ ለማንም እናት አራት ዓመት ብዬ አላውቅም። ሳሎናቸው ገብቼ መጀመሪያ የምናገረው ስንት ጊዜ እንደተባረርኩ ነው። አንዳንዶቹ በር ይከፍቱልኛል፣ ‹ሂድ› ይሉኛል። እሄዳለሁ።» ወደ እኔ ዞረ። «ከሶል ጋር እንደምሆን ቃል እገባለሁ። የት እንደምንሆን ግን አላውቅም። አይ ዶንት ኖው።»

«አላውቅም!» አባቴ ፊቱ ፍም መሰለ። «አላውቅም ብሎ ሚስት ይጠየቃል? ቤትህ የት ነው ስትባል አላውቅም ልትል ነው? ቃል መግባት የማይችል ሰው ልጄን አይወስድም። ሽማግሌዎች፣ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ፤ ጉዳዩ እዚህ ላይ አብቅቷል።»

ህዝቅያስ ራሱን ነቀነቀ። ኮቱን ቆልፎ ወደ በሩ ዞረ። ያን ጊዜ ነው ከልጅነቴ ጀምሮ ይዤው የኖርኩት ነገር የወጣው።

«አንተም ቃል ገብተህልኝ ነበር፣ አባዬ።»

አባቴ አየኝ።

«ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። እማዬ በሞተች በዓመቱ። ወደ አሜሪካ ስትሄድ አክስቴ ቤት በር ላይ አቅፈኸኝ፣ ‹ለአንድ ዓመት ብቻ ነው፣ ሶሊ፣ መስከረም ሲጠባ እወስድሻለሁ› አልከኝ። ስትደውል ሁሉ ‹ዘንድሮ› ትለኝ ነበር። ወረቀትህ እንዳላለቀ፣ ጠበቃው እንዳልመለሰልህ አንድ ቀን አልነገርከኝም።» ወደ እሱ አንድ እርምጃ ተጠጋሁ። «እኔ በየዓመቱ ጳጉሜ ላይ ሻንጣዬን እሸክፍ ነበር። ስምንት ጊዜ። ልብሱ እያጠረኝ፣ ሌላ እየጨመርኩ። ጥቅምት ሲገባ አክስቴ እኔ ሳላይ መልሳ ታወጣዋለች። መጠበቁ አይደለም የጎዳኝ። ‹አላውቅም› ብትለኝ ኖሮ ያንኑ ስምንት ዓመት እጠብቅህ ነበር፤ ሻንጣ ሳልሸክፍ።»

አባቴ የወንበሩን መደገፊያ ያዘ።

«እውነቱን ሊነግረኝ የደፈረ ሰው ይሄ ነው» አልኩ፣ ህዝቅያስን እያየሁ። ዕንባዬ አገጬ ላይ ደርሷል፤ አልጠረግኩትም። «ተናድጄበታለሁ። ገና ብዙ እጠይቀዋለሁ። ግን እወደዋለሁ፣ አባዬ። ሁለት ዓመትም ይሁን ሁለት ወር፣ አብሬው እሄዳለሁ።»

ፓስተር ንጉሤ ዓይኑን ጨፍኖ በለሆሳስ ይጸልያል። ጋሽ ደምመላሽ ያንን ሁሉ ሳቁን የት እንዳደረገው እንጃ፣ መሐረቡን አፍንጫው ላይ አድርጓል። አባቴ ቀስ ብሎ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ።

«ሻንጣውን አላውቅም ነበር» አለ።

«አልነገርኩህም።»

«ልጅ ተስፋ እንዳይቆርጥ ብዬ ነበር ‹ዘንድሮ› የምልሽ። እኔም ራሴ እንዳልቆርጥ።» መዳፉን ዘረጋልኝ፤ መሪ የያዘበት ሻካራ እጁ ውስጥ እጄ ጠፋ። «ይቅር በዪኝ፣ ልጄ።»

አባቴ ይቅርታ ሲል በሕይወቴ ሰምቼው አላውቅም። ጉልበቱ ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ፤ እንደ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ነው ያለቀስኩት። ራሴን ሲዳብሰኝ ቆየና ከበላዬ ድምፁን ሰማሁ።

«አንተ፣ ና እዚህ። ተቀመጥ።»

ህዝቅያስ መጥቶ ከጎኔ ተቀመጠ።

«ቦይዚ ትሄዳለህ። ደብዳቤ አይደለም፤ በእግርህ። ሳሎናቸው የገባህ ሰው ሳሎናቸው ገብተህ ነው ይቅርታ የምትጠይቀው። ቢያባርሩህም ተባረር፤ ለምደኸዋል።»

«እሺ ጋሼ። ሰኞ መልስ ከመስጠቴ በፊት፣ ነገ እሄዳለሁ።»

ጋሽ ደምመላሽ በጥንቃቄ፣ ቁስል እንደሚነካ ሰው፣ «እንግዲያው ጋሽ ዓለሙ... ቀጠሮው ለመቼ ይሁንልን? በሁለት ሳምንት? በወሩ?» አለ።

አባቴ እጄን አልለቀቀም።

«ልማዱን አውቃለሁ» አለ። «ነገር ግን እኔ ይቺን ልጅ ስምንት ዓመት አስጠብቄያታለሁ። ከእንግዲህ አንድ ቀን አላስጠብቃትም።»

እጄን አንስቶ ህዝቅያስ መዳፍ ላይ አደረገው። የህዝቅያስ እጅ በላብ ርሶ ነበር፤ የእኔም እንደዚያው።